ዕጢው ከወጣ በኋላ፦ ከታይሮይድ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ማገገምና ክትትል በሴቶች

የታይሮይድ ካንሰር በሴቶች ላይ ከወንዶች ሦስት እጥፍ ገደማ በዝቶ ይታያል፤ ብዙዎቹም የሚያዙት ገና በሥራ፣ በወሊድና በልጅ ማሳደግ ዕድሜ ላይ ሳሉ ነው። ከአሥር ታማሚዎች የስምንቱ ያህል ካንሰር ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ በጊዜ ከተደረሰበትም በአብዛኛው የሚድን ነው። ቀጥሎ ፎሊኩላር የሚባለው ይመጣል፤ ምግባቸው አዮዲን በሚያንሰው አገሮች የዚህኛው ድርሻ ከፍ ይላል። ሜዱላሪና አናፕላስቲክ የተባሉት ጥቂት ናቸው፣ ሕክምናቸውም ለየት ይላል። በፓፒላሪ ወይም በፎሊኩላር የተያዘች ሴት ቀዶ ሕክምናዋ በጥቂት ሰዓታት ይጠናቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና ግን ዐሥርት ዓመታት ይዘልቃል፣ ውጤቱንም በእጅጉ የሚወስነው እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የወጣው የታይሮይድ ዕጢው ግማሽ ነው ወይስ ሙሉው የሚለው ነው። ካንሰሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካነሰና ከዕጢው ካልወጣ አንዱን ክንፍ ብቻ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከ1 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሐኪሞች እንደ ሁኔታው አንዱን መንገድ ይመርጣሉ። ከዚያ ከበለጠ፣ ወይም በዙሪያው ወዳለው ሥጋና ወደ አንገት ንፍፊቶች ከተዛመተ፣ ዕጢው በሙሉ ይወጣል፤ ካንሰሩ የደረሰባቸው ንፍፊቶችም አብረው ይወጣሉ። ግማሹ የቀረላት ሴት ካልሲየሟ እምብዛም አይወርድም፣ የሆርሞን ክኒንም ላያስፈልጋት ይችላል። ሙሉው የወጣላት ግን ዕድሜ ልኳን ክኒን ትወስዳለች። የወጣው ሥጋ ተመርምሮ የሚሰጠው የፓቶሎጂ ወረቀት የካንሰሩን ዓይነት፣ መጠኑን፣ ደም ሥር ውስጥ መግባት አለመግባቱንና ስንት ንፍፊት እንደተነካ ይናገራል። ከዚህ በኋላ የሚወሰነው ሁሉ በዚህ ወረቀት ላይ ስለሚመሠረት ቅጂው ታካሚዋ እጅ መቅረት አለበት። ከተማ ወይም አገር የምትቀይር ሴት፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ አዲስ ሐኪም ፊት ስትቀርብ፣ ይህን ወረቀት የሚተካላት ነገር የለም።

አብዛኞቹ ሴቶች በቀዶ ሕክምናው ማግስት ይራመዳሉ፣ ለስላሳ ምግብ ይበላሉ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ትልቁ ስጋት ቁስሉ ውስጥ ደም መቋጠሩ ነው። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ሲደርስ ግን የአየር ቧንቧን ስለሚጫን ፋታ አይሰጥም። አንገት በድንገት ካበጠና ከተወጠረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ታካሚዋ በጀርባዋ መተኛት ካቃታት፣ አጠገቧ ያለ አስታማሚ ነርሷንና ሐኪሙን በዚያው ቅጽበት መጥራት አለበት። እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።

ሁለተኛው ስጋት የሚመጣው ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜ ሴትየዋ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ከታይሮይድ ጀርባ የተለጠፉ፣ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ የሚያህሉ አራት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ። ሥራቸው በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መጠበቅ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ደም የሚያደርሱላቸው ቀጫጭን ሥሮች ሊጎዱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ዕጢዎቹ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሥራቸውን ያቆማሉ። ካልሲየም እጅግ ዝቅ የሚለው ከቀዶ ሕክምናው ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ምልክቱ ከንፈር ዙሪያና የጣቶች ጫፍ ውርር ማለት፣ ከዚያም የእጅና የእግር ጡንቻ መኮማተር ነው። ቸል ከተባለ እስከ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ያደርሳል። ይህን ምልክት ለሴትየዋም ለቤተሰቧም ሳይናገሩ ከሆስፒታል ማስወጣት በደል ነው፤ ካልነገሯት ውርር ማለቱን የድካም ወይም የጭንቀት ስሜት አድርጋ ልትወስደው ትችላለች።

ሕክምናው ከባድ አይደለም። የካልሲየም ክኒንና ካልሲትሪዮል የሚባለው የቫይታሚን ዲ ዓይነት ይሰጣል፤ ምልክቱ ከጠና ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ይገባል። በብዛት የሚገኘው ካልሲየም ካርቦኔት የሆድ አሲድ ስለሚያስፈልገው ከምግብ ጋር ቢወሰድ ይሻላል። ዕጢዎቹ ሲያገግሙ መጠኑ በደም ምርመራ እየታየ ይቀነሳል። ሙሉ ዕጢ ከወጣላቸው ሴቶች ጥቂቶች፣ ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት፣ ችግሩ ዘላቂ ይሆንባቸዋል። እነዚህ ሴቶች ካልሲየሙን በራሳቸው ፈቃድ ማቋረጥ የለባቸውም።

ድምፅ ሌላው የማገገም ጉዳይ ነው። በሰመመን ጊዜ ጉሮሮ ውስጥ የገባው ቱቦ ለጥቂት ቀናት መሻከርና ሕመም ይተዋል፤ ይህ በራሱ ይጠፋል። የድምፅ ጅማቶችን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ግን በዕጢው ግራና ቀኝ ተጠግተው ያልፋሉ። አንደኛው ከተጎተተ ወይም ካበጠ ድምፁ ይሰልላል፣ ውሃ ሲጠጣ ትን ይላል። አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ልምድ ባለው ሐኪም እጅ ዘላቂ ጉዳት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሴቶች ላይ ይደርሳል። መሰለሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የአንገት በላይ ሐኪም የድምፅ ጅማቶቹን በመሣሪያ ማየት አለበት። የድምፅ ልምምድና ለሰነፈው ጅማት የሚደረግ መርፌ ቶሎ ሲጀመሩ ይጠቅማሉ። ከነዚህ ነርቮች ሌላ ደግሞ ከፍ ያለ ድምፅ ለማውጣት የሚያስፈልግ ቀጭን ነርቭ አለ። እሱ የተጎዳባት ሴት በወግ ስታወራ ምንም አይታወቅባትም፤ ስትዘምር፣ ከሩቅ ስትጣራ ወይም ቀኑን ሙሉ ስታስተምር ግን ድምፁ ይከዳታል። በጣሊያን የተወለደችው የኦፔራ ዘፋኝ አሜሊታ ጋሊ-ኩርቺ እ.ኤ.አ. በ1935 በቺካጎ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ነበር፤ ድምፅዋን ያጣችው ይህ ነርቭ ተቆርጦ ነው እየተባለ በቀዶ ሕክምና መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ተጽፏል። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ሐኪሞች ይህን ቢጠራጠሩትም፣ ታሪኩ ቀዶ ሐኪሞችን ለዚያ ነርቭ እንዲጠነቀቁ አድርጓቸዋል። መምህርት፣ ዘማሪት ወይም ድምፃዊት የሆነች ሴት ሥራዋን ለሐኪሟ አስቀድማ መናገሯ ለዚህ ይጠቅማታል።

ቁስሉ በአንገት እጥፋት ላይ ስለሚሰፋ ብዙ ጊዜ ጠባሳው በዓመት ውስጥ ይደበዝዛል። ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ጠባሳ አብጦና ጠንክሮ ወደ ኬሎይድ የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ይላል። በቤተሰቧ እንዲህ ያለ ጠባሳ የሚታይባት ሴት አስቀድማ ብትናገር፣ ቁስሉ እንደዳነ የሲሊኮን ቅባት ወይም ልጣፍ ይጀመርላታል፤ ማበጥ ከጀመረም ስቴሮይድ መርፌ አለ። በመጀመሪያው ዓመት ጠባሳውን ከፀሐይ መከለል ይገባል፤ ለዚህ ነጠላ ወይም ሻሽ ይበቃል። ቅቤም ሆነ የባህል መድኃኒት ገና ባልዳነ ቁስል ላይ መቀባት የለበትም። አንገትን እንደ ደረቀ እንጨት ገትሮ መያዝም ጉዳት አለው፤ ሐኪሙ ሲፈቅድ ቀስ እያሉ ወደ ግራና ቀኝ ማዞር መገተሩን ያላቅቀዋል።

ዕጢው በሙሉ ሲወጣ ሰውነት ምን እንደሚሆን ሕክምና የተማረው በታማሚዎች ሥቃይ ነው። የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር እ.ኤ.አ. በ1883 ዕጢውን በሙሉ ያወጣላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አብጦ፣ አእምሯቸው ደንዝዞ፣ እንቅስቃሴያቸው ዘግይቶ እንዳገኛቸው ጻፈ። ይህ ሐኪም በታይሮይድ ላይ ባደረገው ሥራ በ1909 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። መፍትሔው የመጣው በ1891 ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ የታይሮይድ ሆርሞን ላነሳት አንዲት የ46 ዓመት ሴት ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ወጋት። ሴትየዋ አገግማ 28 ዓመት ኖረች። ዛሬ ያንን ፈሳሽ የተካው ሌቮታይሮክሲን የሚባል ትንሽ ክኒን ነው።

መጠኑ የሚሰላው በክብደት ሲሆን በቀን ለአንድ ኪሎ 1.6 ማይክሮ ግራም ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 100 ማይክሮ ግራም ገደማ ትጀምራለች። ክኒኑ ለካንሰር ታማሚዋ ሁለት ሥራ ይሠራል። የጎደለውን ሆርሞን ይተካል፤ ደግሞም አንጎል ሥር ያለው ዕጢ የሚያመነጨውን ቲ.ኤስ.ኤች ዝቅ ያደርጋል። ቲ.ኤስ.ኤች የተረፉ የካንሰር ሕዋሳት እንዲያድጉ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ስለዚህ በሽታው የመመለስ አደጋው ከፍተኛ የሆነባት ሴት ቲ.ኤስ.ኤችዋ ከ0.1 በታች፣ መካከለኛ የሆነባት ከ0.1 እስከ 0.5፣ ዝቅተኛ የሆነባት ደግሞ ከ0.5 እስከ 2 እንዲሆን ይፈለጋል። ይህ ዒላማ ግን ለዘለዓለም የተተከለ አይደለም። ቲ.ኤስ.ኤች ለዓመታት እጅግ ዝቅ ብሎ ሲቆይ የልብ ምት ይዛባል፣ አጥንት ይሳሳል፤ ያረጡ ሴቶች ደግሞ ለሁለቱም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ምርመራዎቿ ሁሉ ንጹሕ የሆኑላትን የ60 ዓመት ሴት እንደ መጀመሪያው ዓመት በከፍተኛ መጠን ማቆየት ጥቅሙ ትንሽ፣ ጉዳቱ ብዙ ነው። ልብ ድው ድው ማለት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና ያለ ምክንያት መክሳት መጠኑ መብዛቱን ሊናገሩ ይችላሉ። ብርድ ብርድ ማለት፣ ድርቀት፣ መክበድና የወር አበባ መብዛት ደግሞ ማነሱን።

ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጣል፤ ከዚያ ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ምንም አይበላም። ኢትዮጵያዊት ሴት እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለባት ቡናን ነው። ክኒኑን ውጦ ወዲያው ቡና መጠጣት ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል፤ የጠዋቱ ቡና ለአንድ ሰዓት መቆየት አለበት። የብረት ክኒን፣ ካልሲየምና የጨጓራ አሲድ ማብረጃ አራት ሰዓት ርቀው ይወሰዱ። በጾም ወቅት የአኩሪ አተር ወተት የምታበዛ ሴት ይህንኑ ለሐኪሟ ትናገር፤ አኩሪ አተርም ክኒኑን ይይዛል። በረመዳን የምትጾም ሴት ከመተኛቷ በፊት፣ ከበላች ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ልትወስደው ትችላለች። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ የምትጾም ክርስቲያን ከንስሐ አባቷና ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ አንድ ሰዓት ትወስን፤ በጾሙም በፍስኩም ሰዓቱ ባይቀያየር ይመረጣል። ክኒኑን ብርሃን፣ ርጥበትና ሙቀት ያበላሹታል፤ እንደ ጋምቤላና ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ከማሸጊያው ሳይወጣ ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ይቀመጥ። አምራቹ በተቀየረ ቁጥር መጠኑ በጥቂቱ ሊለያይ ስለሚችል የደም ምርመራ መድገም ያስፈልጋል። ሆርሞኑ ከሰውነት ግማሹ የሚወጣው በሰባት ቀን ነው፤ ስለዚህ አንድ ቀን መርሳት የሚያስደነግጥ አይደለም፣ መጠን ከተቀየረ በኋላ ያለው የቲ.ኤስ.ኤች ምርመራም ከስድስት ሳምንት በፊት ትክክለኛውን አይናገርም።

ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚባለው ሕክምና ለሁሉም አያስፈልግም። የታይሮይድ ሕዋሳት አዮዲን ወደ ውስጣቸው ይስባሉ፤ ጨረር ያለው አዮዲን ሲዋጥ ጨረሩ እነሱኑ ያጠፋል። ለተዛመተ የታይሮይድ ካንሰር የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1946 ከኒው ዮርክ ታትሟል። ለብዙ ዓመታት ሙሉ ዕጢ የወጣላቸው ሴቶች በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ይህን ሕክምና ይወስዱ ነበር። በፈረንሳይ አደጋቸው ዝቅተኛ የሆነ 776 ታማሚዎችን ያካተተና በ2022 የታተመ ጥናት ግን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አዮዲን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ልዩነት እንደሌለ አሳይቷል። ካንሰሯ ትንሽና ያልተዛመተ የሆነባት ሴት ሐኪሟ አያስፈልግሽም ቢላት ሕክምና እንደተነፈገች መቁጠር የለባትም።

የሚያስፈልጋት ሴት ግን መዘጋጀት አለባት። ቲ.ኤስ.ኤችዋ ከ30 በላይ ከፍ እንዲል ወይ ክኒኑን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ታቆማለች፣ ወይም ሰው ሠራሽ ቲ.ኤስ.ኤች በሁለት ተከታታይ ቀናት በመርፌ ትወስዳለች። መርፌው ውድ ነው። ክኒን ማቆሙ ደግሞ ብርቱ ድካምና መደንዘዝ ያመጣል፤ በዚያ ወር የቤት ሥራውን የሚሸከምላት ሰው ያስፈልጋታል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት አዮዲን የሚያንሰው ምግብ ትበላለች። ወተት፣ ዕንቁላልና የባሕር ምግብ ስለሚከለከሉ የጾም ምግብ የለመደች ሴት ግማሹ ቀሎላታል። የሚያስቸግራት ጨው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ታዟል፤ ከሱቅ የተገዛ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦም ይኸው ጨው ሊኖርባቸው ይችላል። በእነዚያ ቀናት ጨው ያልገባበትን በርበሬና ሽሮ ለብቻ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በቅርቡ በመርፌ ቀለም ተሰጥቷት ሲቲ ስካን የተነሣችም ትናገር፤ ቀለሙ ብዙ አዮዲን ስላለው ሕክምናው ሁለት ወር ገደማ ይዘገያል።

አዮዲኑ በስምንት ቀን በግማሽ ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሽንት፣ በላብና በምራቅ ይወጣል፤ ስለዚህ በአንድ ትሪ መብላት፣ ማጉረስ፣ ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥና ከሕፃን ጋር አብሮ መተኛት ሐኪሙ እስከወሰነው ቀን ድረስ ይቀራሉ። ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች መራቅ ግዴታ ነው። ይህ ለእናት ከባድ ነው፤ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ከቀጠሮው በፊት ቢወሰን መለየቱ ይቀላል። ከዚያ በኋላ የምራቅ ዕጢዎች ማበጥ፣ የአፍ መድረቅና የጣዕም መለወጥ ሊታዩ ይችላሉ፤ ውሃ በብዛት መጠጣት ይረዳል።

ይህ ሕክምና ለሴት ልዩ ጥንቃቄዎች አሉት። አዮዲኑ ከመሰጠቱ በፊት የእርግዝና ምርመራ የግድ ነው፤ የጽንስ ታይሮይድ ከዐሥረኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አዮዲን መሳብ ስለሚጀምር ሕክምናው ዕጢውን ያጠፋዋል። የምታጠባ እናት ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ማጥባት ማቆም አለባት፤ ያን ልጅ ዳግመኛ አታጠባም፣ ወደፊት የምትወልደውን ግን ታጠባለች። የወር አበባ ለጥቂት ወራት ሊዛባ ይችላል። ከሕክምናው በኋላ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት እርግዝናን ማዘግየት ይመከራል። ከዚያ ወዲያ መውለድ ይቻላል። ይህ ካንሰር ያላገባችን ሴት መካን ያደርጋል ብሎ ትዳሯን ማሰናከል ከእውነት የራቀ ነው።

ስታረግዝ ግን የሆርሞን ፍላጎቷ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። ስለዚህ ማርገዟን እንዳወቀች ቀጠሮ ሳትጠብቅ ለሐኪሟ ማሳወቅ ይኖርባታል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር በሳምንት በሰባት ክኒን ፈንታ ዘጠኝ መውሰድ ነው፤ ይህን ሐኪሟ ከእርግዝናው በፊት ቢያስረዳት ይመረጣል። ቲ.ኤስ.ኤች እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየአራት ሳምንቱ ይለካል። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒን ከታይሮይድ ክኒኑ ጋር አብሮ ሲዋጥ ሆርሞኑን ይይዘዋል፤ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ማታ ይሁን። ስትወልድ ወደ ቀድሞው መጠን ትመለሳለች፣ በስድስተኛው ሳምንትም ትመረመራለች። ክኒኑን እየወሰዱ ማጥባት ጉዳት የለውም። ኢስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ የምትጀምር ሴትም የክኒኗ መጠን ሊጨምር ይችላል።

የካንሰሩ ክትትል በሁለት ነገር ላይ ይቆማል፦ በታይሮግሎቡሊን የደም ምርመራና በአንገት አልትራሳውንድ። ታይሮግሎቡሊንን የሚሠሩት የታይሮይድ ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ ዕጢው በሙሉ ወጥቶ፣ አዮዲን ተወስዶ፣ ልኬቱ ከ0.2 በታች ከሆነ የተረፈ በሽታ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ከአራት ታማሚዎች እስከ አንዷ ድረስ ግን ልኬቱን የሚያሳስት ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው ውስጥ አለ፤ የታይሮግሎቡሊኑና የፀረ እንግዳ አካሉ ምርመራዎች ተለያይተው መታዘዝ የለባቸውም። ግማሽ ዕጢ ለቀረላት ሴት ቁጥሩ ብዙም አይናገርም፣ ዋናው መሣሪያ አልትራሳውንዱ ነው። በሜዱላሪ ካንሰር የሚለካው ካልሲቶኒን ሲሆን፣ ካንሰሩ በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል ሬት (RET) የሚባለው ዘረ መል ምርመራ ለእሷም፣ እንደ ውጤቱ ለልጆቿና ለእኅት ወንድሞቿም ይደረጋል።

ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ በሚደረገው ምርመራ ደሟም አልትራሳውንዷም ንጹሕ የሆነላት ሴት በሽታው የሚመለስባት ከመቶ ከአንድ እስከ አራት ባለው ዕድል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ክትትሉ ይራራቃል። በሽታው ሲመለስ በብዛት የሚታየው በአንገት ንፍፊቶች ላይ ነው፣ አንዳንዴም በሳምባና በአጥንት። እንደ ቦታው በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ወይም በአዮዲን ይታከማል፤ አዮዲን የማይስበው ደግሞ እንደ ሌንቫቲኒብና ሶራፌኒብ ባሉ ክኒኖች።

ለማጽናናት ብዙ ጊዜ «ካንሰር ከሆነ አይቀር ይኸኛው ይሻላል» ይባላል። የመዳን ዕድሉን በተመለከተ እውነት ነው፤ ለታማሚዋ ግን አፏን የሚያዘጋ ንግግር ነው። ድካም፣ የፀጉር መሳሳት፣ የስሜት መውረድና ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በፊት የሚመጣ ፍርሃት የእውነት ናቸው። ድካሟን ስትናገር ቲ.ኤስ.ኤች፣ ካልሲየምና የደም ማነስ መመርመር አለባቸው፤ ሁሉም ደኅና ሆኖ ካልተሻላት ስለ እንቅልፏና ስለ ጭንቀቷ መጠየቅ ይገባል።

በሽታው ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ የተመለሰባቸው ሴቶች ስላሉ፣ ምንም የማያማት ሴትም በዓመት አንዴ መመርመሯን አትተው። አንገቷ ላይ አዲስ እብጠት የዳሰሰች ወይም ድምፅዋ ያለ ጉንፋን የሰለለባት ደግሞ የቀጠሮዋን ቀን ሳትጠብቅ ሐኪሟ ዘንድ ትሂድ።